መሣሪያ ይገዛል፤ ሙያ ይለመዳል

(የጉዞ ክበባችን አባሎች በአሞራ ገደል በተደረገው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)




ዛሬ ከአዳራሻችን ወጥታችሁ በዚህ በሐይቁ ዳር በዛፎቹ ጥላ ሥር እንድትሰበሰቡ የለመንናችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ልንነግራችሁ ያሰብነው ነገር የተፈጸመው እነሆ ፊት ለፊታችሁ በሚታየው ውሃ ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከቦታው ላይ ብትሰሙት ይሻላል ብለን አሰብን።

እንደምታውቁት ክበባችን ለሚመጡት ጉዞዎች ዕቃ ለመግዛት ከእያንዳንዳችሁ መዋጮ ሰብስቧል። ብዙዎቻችሁ ከሻያችሁና ከዳቧችሁ ቀንሳችሁ እንደ ሰጣችሁ እናውቃለን። የሚገዛውንም ዕቃ ዝርዝር በየመኝታ ቤቱ በር ላይ ለጥፈን ነበር። በዝርዝሩ ላይ በፀሐይ የሚሞላ ባትሪ፣ በግንባር የሚታሰር መብራት፣ ከሳተላይት ጋር የሚገናኝ የአቅጣጫ መሣሪያ፣ ውሃ የሚያጣራ ቱቦና ዐሥር ዓይነት ምላጭ ያለው ሴንጢ ሰፍረዋል። ያንን ዝርዝር ያወጣነው እኛ ነን። ዛሬ ደግሞ ዝርዝሩ እንዲለወጥ ለመጠየቅ ከፊታችሁ የቆምነው እኛው ራሳችን ነን። ሰው የራሱን ስሕተት በራሱ አፍ ሲናገር ጥቂት ያፍራል፤ ይሁን እንጂ በእናንተ ገንዘብ ስሕተት ከመሥራት ማፈር ይሻላል።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጧት ዘጠኝ ሆነን ወደዚህ መጣን። ዓሣ አጥማጆቹ ከሌሊት ሥራቸው ተመልሰው መረባቸውን ያራግፋሉ፤ ልጆቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን በስለታም ቢላ ያሰናዳሉ፤ አባ ኮዳዎቹም አንገታቸውን በትከሻቸው መካከል ቀብረው እንደ ሸምጋይ ሽማግሌ ቆመው ፍርፋሪ ይጠባበቃሉ። እኛም ዕቃችንን ተሸክመን በመካከላቸው ስናልፍ በጣም የተሰናዳን ሰዎች መስሎን ነበር። ሰባት የእጅ ስልክ፣ ሁለት ፓወር ባንክ፣ አንድ ኮምፓስና ከወዳጅ የተዋስናቸው ዘጠኝ የሕይወት ማዳኛ ሰደርያዎች፣ ማለትም ላይፍ ጃኬት የሚባሉት፣ ነበሩን።

ሐሳባችን ሐይቁን ተሻግረን ማዶ ውለን ወደ ማታ ለመመለስ ነበር። ጀልባቸውን የተከራየናቸው ሰው ዕድሜያቸው ከአባቶቻችን አያንስም። ውሃውን አዩ፤ ከማዶ ያለውንም ተራራ አዩ፤ ከዚያም «ልጆቼ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት የምንመለስ ከሆነ ይሁን። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ይነሣል» አሉን። ከመካከላችን አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ጋሼ፣ ይኸው ዛሬ ነፋስ የለም ይላል» አላቸው። እሳቸውም «እንግዲያ እሱ ይቅዘፍላችሁ!» ብለው ሳቁ። እኛም ሳቅን። አሁን ሲታሰበን ግን እሳቸውና እኛ የሳቅነው በአንድ ነገር አልነበረም።

ማዶ ከደረስን በኋላ ጊዜው በጨዋታና በፎቶግራፍ አለፈ። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ «እንሂድ» አሉን፤ ሁለት ጊዜም «ጥቂት ይታገሡን» አልናቸው። ስንነሣ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። የሐይቁ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ጧት እንደ መስተዋት የነበረው ውሃ ተነሣ። ማዕበሉ ጀልባውን ከጎኑ ይመታው ጀመር። በዚህ መካከል አንዱ ጓደኛችን ማዕበሉን ፎቶግራፍ ለማንሣት ብድግ አለ። ጀልባው ተዘነበለ፤ እሱም ከነስልኩ ውሃው ውስጥ ገባ።

ሰደርያውን ለብሶ ነበር። ነገር ግን እንደ ሌሎቻችን ሁሉ ከትከሻው ላይ ጣል አደረገው እንጂ ማሠሪያውን አልቆለፈውም። ስለዚህ ሰደርያው ወደ ላይ ሲንሳፈፍ እሱ ወደ ታች ሄደ። ጨርቁ ከአገጩ አልፎ አፉንና አፍንጫውን ሸፈነው። እኛስ ምን አደረግን? ስምንታችንም እሱን ለመያዝ በአንድ ጎን ተረባረብን። ጀልባው ሊገለበጥ ጥቂት ቀረው። አንድ ሰው ሊያጠፋ የነበረው አደጋ በእኛ ደግነት ዐሥራችንንም ሊያጠፋ ነበር።

ያዳኑን ሽማግሌው ናቸው። «ቁጭ በሉ! ወለሉ ላይ!» ብለው እስከዚያ ድረስ ሰምተነው በማናውቀው ድምፅ ጮኹብን። የጀልባውን አፍ ወደ ነፋሱ መለሱት። ከዚያም መቅዘፊያቸውን ዘርግተው «ያዝ!» አሉት። ከጎን ሳይሆን ከጀልባው ኋላ በኩል ሳቡት። ነገሩ ሁሉ የፈጀው ጊዜ ምናልባት ሁለት ደቂቃ ነው። ጓደኛችን እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬ ከእናንተ መካከል ተቀምጦ ይህን ይሰማል፤ ታሪኩንም እንድንናገር የፈቀደው እሱ ራሱ ነው።

እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው «ዕቃ ከንቱ ነው፤ የአባቶቻችን ሙያ ብቻ ይበቃናል» ብሎ ሊፈርድ ይችላል። እኛም ያን ዕለት ማታ እንዲሁ ብለን ነበር። ዳሩ ግን ከዳር ወጥተን ልብሳችንን ስንጨምቅ ሽማግሌው ከሰደርያዎቹ አንዱን አንሥተው አገላብጠው ካዩ በኋላ ቀበቶውን ቀጭ አድርገው ቆለፉትና «ይህን የመሰለ ነገር እያላችሁ ለምን አላሠራችሁትም? እኔ ቢኖረኝ ሌሊት ሌሊት ለብሼው በሠራሁ ነበር» አሉን።

ይህ ቃል ከቁጣቸው ይልቅ ወጋን። ሙያው ያላቸው ሰው መሣሪያውን አልናቁትም፤ እንዲያውም ተመኙት። ሙያን የናቅነው መሣሪያው በእጃችን የነበረው እኛ ነን። ስለዚህ ክርክሩ በመሣሪያና በሙያ መካከል አይደለም። ክርክሩ መሣሪያን ከሙያ በፊት በሚያስቀድምና ሙያን አስቀድሞ መሣሪያን በሚጨምር ሰው መካከል ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህ የእኛ የዘጠኝ ተማሪዎች ሞኝነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባላጠፋን ነበር። ነገር ግን ከዚህ እጅግ የከፋ ነገር በአገራችን አውሮፕላን ላይ ደርሷል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ሦስት ሰዎች ጠለፉት፤ ወደ አውስትራልያም ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ የተቀዳው ነዳጅ ለዚያ ጉዞ እንደማይበቃ ነገሯቸው። ጠላፊዎቹ ግን አላመኑም፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ በተቀመጠው መጽሔት ላይ ይህ ዓይነት አውሮፕላን ያን ያህል ርቀት ሊበር እንደሚችል አንብበው ነበርና። መጽሔቱ የጻፈው መሣሪያው ምን እንደሚችል ነው፤ ካፒቴኑ የሚያውቁት ግን በዚያች ዕለት በጋኑ ውስጥ ያለውን ነዳጅ ነው።

ነዳጁ አለቀ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ካፒቴን ልዑልና ረዳታቸው ዮናስ መኩሪያ ሞተር የሌለውን ያን ትልቅ አውሮፕላን እያንሳፈፉ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ከባሕር ላይ አሳረፉት። አውሮፕላኑ ተሰባበረ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50ዎቹ ተረፉ። ከሞቱትም መካከል ብዙዎቹ አውሮፕላኑ ከውሃው ጋር ሲጋጭ አልሞቱም ነበር። የሕይወት ማዳኛ ሰደርያቸውን ከመውጣታቸው አስቀድመው እዚያው ውስጥ ነፍተውት ስለነበር፣ ውሃው ሲገባ ሰደርያው ወደ ጣራው አንሥቶ ያዛቸው፤ ጠልቀው ወደ በሩ መድረስ አልቻሉም። «ከአውሮፕላኑ ስትወጡ ንፉት» የሚለው ቃል በየበረራው ይነገራል። ግን ማን ያዳምጠዋል? ያን የሰሙ ሁሉ በእጃቸው አንድ ጊዜ ሞክረውት ቢሆን ኖሮ ስንቱ በተረፈ!

በእነዚያ ሰዎች ላይ ለመፍረድ አይደለም ይህን የምናነሣው። ፍርሃት ሲመጣ ሰው የሚያደርገው ያነበበውን ሳይሆን እጁ የለመደውን ነው። እጁ ምንም ያልለመደ ከሆነ ደግሞ ያገኘውን ያደርጋል። እኛም በጀልባው ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በኮሞሮስ የሆነውን ተመልከቱ፤ በአደጋው ጊዜ ከባሕሩ ዳር የነበሩ የደሴቲቱ ሰዎችና ጎብኚዎች በጀልባ ደርሰው የተረፉትን አወጡ። ጀልባው መሣሪያ ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው እጅ ግን ሙያ ነበረው።

ከዚህ ወደ ኋላ ራቅ ብለን ሁላችንም የምናውቀውን የዐድዋን ነገር እናንሣ። የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ሌሊት የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር በጨለማ ሲገሠግሥ ለአዛዦቹ የተሰጠ አንድ ንድፍ ካርታ ነበር። በካርታው ላይ «ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ የተጻፈበት ኮረብታ አንድ ነው፤ የአገሩ ሰው ኪዳነ ምሕረት የሚለው ኮረብታ ግን ከዚያ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ያለ ሌላ ነው። ጄኔራል አልበርቶኔ መንገድ መሪዎቹ እውነተኛውን ኪዳነ ምሕረት ሲነግሩት ወደዚያ ገፍቶ ሄደ፤ ከቀሩትም ብርጌዶች ተነጠለ፤ በነጋም ጊዜ ብቻውን ከኢትዮጵያ ሠራዊት ፊት ተገኘ። ካርታውን የነደፈው ሰው ወረቀትና እርሳስ አልጎደለውም፤ የጎደለው የአገሩን ሰው «ያ ኮረብታ ማን ይባላል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ድሉ ከዚህ ስሕተት ብቻ የመጣ ነው ብለን የአባቶቻችንን ደም አናቃልልም። ደግሞም የኢትዮጵያ ሠራዊት በጦርና በጋሻ ብቻ እንዳልተዋጋ እናስታውስ። ዐፄ ምኒልክ ለብዙ ዓመታት ጠመንጃና መድፍ ሲያስገቡ ኖረዋል። አገሩን የሚያውቅ እግርና ዒላማውን የሚያውቅ ዓይን በዘመናዊ መሣሪያ ላይ ሲጨመር ምን እንደሚሠራ ዐድዋ ምስክር ነው።

አሁን ደግሞ ከመጻሕፍት የምንማረውንም ቢሆን እንመርምር። ከእኛ መካከል ጥቂቶች ከውሃው አደጋ በኋላ አፍረው ስለ በረሃና ስለ ዱር ኑሮ የተጻፉ የውጭ አገር መጻሕፍት ማንበብ ጀመሩ። መልካም ነው። ነገር ግን መጽሐፉም እንደ ዕቃው ሁሉ ለሌላ አገር ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ሦስት ምሳሌ እንስጣችሁ።

አንደኛ፣ የአውሮፓው መጽሐፍ «በቀትር ጊዜ ፀሐይ በደቡብ ናት» ይላል። ሐዋሳ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትር ፀሐይ በእኛ ዘንድ በሰሜን በኩል ታልፋለች። በሰኔ ወር ያን መጽሐፍ አምኖ የሚሄድ ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን መልሶ ወደ ደቡብ የሚሄድ ይመስለዋል። የእጅ ሰዓት አቅጣጫን ያሳያል የሚለውም ዘዴ እንዲሁ ነው፤ በእኛ አገር አይሠራም። ሰዓቱን በአበሻ አቆጣጠር የሞላ ሰውማ ጨርሶ ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ «ሌሊት የሰሜንን ኮከብ ፈልግ» ይላል። የሰሜን ኮከብ በሐዋሳ ከአድማስ በላይ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ ይኸውም ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ከአድማሱ ላይ አራት ጣት ብታስቀምጡ የሚሸፍኑት ያህል ነው። አንድ ኮረብታ ወይም ጥቂት ጭጋግ ይጋርደዋል።

ሦስተኛ፣ «ከጠፋህ የወንዝን ቍልቍለት ተከተል፤ ወደ ሰው ያደርስሃል» ይላል። በእኛ አገር ግን ብዙው ሕዝብ የሚኖረው በደጋው ላይ ነው። ወንዙን የተከተለ ሰው ከሰው እየራቀ ወደ ገደልና ወደ ቆላ ሊወርድ ይችላል። አዋሽን እስከ መጨረሻው የተከተለ ሰው ባሕር አያገኝም፤ ወንዙ በጅቡቲ ጠረፍ በአቤ ሐይቅ ይቀራልና። ይልቅስ ወደ ማታ የከብት ዱካ ወዴት እንደሚያመራ ማየት፣ የዶሮ ጩኸትና የውሻ ድምፅ ማዳመጥ፣ ጢስ መፈለግ ለእኛ ይበጃል። ይህን የገጠር ልጆች የሆናችሁ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። አሳፋሪው ነገር እናንተን ከዚህ በፊት ጠይቀን አለማወቃችን ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሐሳባችንን በአጭሩ እናቅርብ።

የተሰበሰበው ገንዘብ በሁለት ይከፈል። በእኩሌታው ጥቂት ጠንካራ ዕቃ ይገዛ፤ ይኸውም በየሰው ልክ የሚታሠር ሰደርያ፣ ገመድ፣ የቍስል ማሠሪያ፣ የእጅ ባትሪና ክብሪት ነው። ከሳተላይት ጋር የሚገናኘው መሣሪያና ባለ ዐሥር ምላጩ ሴንጢ ለጊዜው ይቆዩ። የቀረው እኩሌታ ለትምህርት ይዋል። አስተማሪዎቻችንም ከሩቅ መምጣት አያስፈልጋቸውም፤ እነሆ መረባቸውን እየጠገኑ ከጎናችን ተቀምጠዋል። ስለ ውሃ፣ ስለ ነፋስና ስለ ጉማሬ የሚያውቁትን ለሚያስተምሩን ሰዎች ለጊዜያቸው የሚገባውን ዋጋ እንክፈል። ለዕቃ ያለ ክርክር የምንከፍል ሰዎች ለዕውቀት ሲሆን «በነፃ ይንገሩን» ማለታችን ነውር ነው።

እያንዳንዱም አባል ለጉዞ ከመነሣቱ በፊት የሚከተሉትን በእጁ ሠርቶ ያሳይ።

ሰደርያ ለብሶ፣ ቆልፎ፣ ጥልቅ ባልሆነ ውሃ ውስጥ ይሞክረው። ሰው ውሃ ሲገባ አስቀድሞ እንጨት ወይም መቅዘፊያ መዘርጋትን፣ ካልደረሰም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን በገመድ አሥሮ መወርወርን ይለማመድ፤ ራስ ዘሎ መግባት የመጨረሻው ነው። የሚደማን ቍስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫንና ደሙ ቆመ አልቆመ እያሉ ደጋግሞ አለመግለጥን ይወቅ። በሁለት ክብሪት እሳት ያንድድ። የሐይቅም ሆነ የወንዝ ውሃ ሳያፈላ አይጠጣ፤ በሐዋሳ ከፍታ አንድ ደቂቃ መንተክተክ ይበቃል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ግን ሦስት ደቂቃ ይሁን።

ስልኩንም ቢሆን በሙያ ይያዘው። መረብ በሌለበት ስፍራ ስልክ መረብ ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል፤ ስለዚህ በበረራ ሁኔታ ላይ ያድርገው። የቦታ መጠቆሚያው ያለ መረብም ይሠራል፤ ካርታው ግን አስቀድሞ ከቤት መጫን አለበት። ድምፅ አልሄድ ሲል አጭር መልእክት አንዳንድ ጊዜ ያልፋል። ሦስት የስልክ ቍጥር ደግሞ በቃሉ ይወቅ፤ ስልኩ ውሃ ሲገባ ቍጥሩም አብሮ ይሰጥማልና። ከሁሉም በላይ ወዴት እንደሚሄድና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ለሚቀር ሰው ነግሮ ይሂድ። ይህ ምንም ዋጋ የለውም፤ እኛ ግን ያን ቅዳሜ ለማንም አልነገርንም ነበር።

«ፈተና እየደረሰብን ለዚህ ሁሉ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚሉ ጓደኞች እንዳሉ ሰምተናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሳችን ግን አጭር ነው፤ ለጉዞው ጊዜ ካለን ለመሰናዶው ጊዜ አለን። ለመሰናዶው ጊዜ ከሌለን ጉዞው ይቅር። ከመምህራኖቻችንም አንዳንዶች «ይህ ከዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጋር ምን ግንኙነት አለው?» ሊሉ ይችላሉ። በእኛ አስተያየት ግንኙነቱ ጥብቅ ነው። ነገ ተመርቀን የእርሻ ሠራተኛ፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ ሆነን ወደየወረዳው ስንሄድ ከእኛ ጋር ብዙ መሣሪያ ይሄዳል። ገበሬው «ዘንድሮ ዝናቡ ይዘገያል» ሲለን ስልካችንን አውጥተን ልንስቅበት ነው ወይስ ሁለቱንም አመዛዝነን ልንሠራ ነው? ያን ቅዳሜ በጀልባ ላይ የወደቅነው ፈተና ይኸው ነበር። ደግሞ የምንፈተንበት ጊዜ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው ግን እኛ ብቻ አንሆንም።

እንግዲህ በዝርዝሩ ላይ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ስብሰባው እንዳለቀ ከፊት ለፊት የተደረደሩትን ዘጠኝ ሰደርያዎች እየተቀባበላችሁ ልበሱአቸው፤ ማሠሪያውንም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ለመቆለፍ ሞክሩ። ያን ዕለት የቀዘፉልን አባት እነሆ ከዋርካው ሥር ተቀምጠዋል፤ ያልቻለውን ሊያሳዩ ፈቃደኛ ናቸው። ከዚያ በኋላ ገንዘባችሁ ለምን እንዲውል እንደምትፈልጉ እናንተው ፍረዱ።